ሻንሲው የኖርተን፣ ሞተሩ የትራያምፍ

(በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ የኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከፊት ወንበር ላይ የተደረደራችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ከሥራ ከምታርፉባት ከአንዲቷ ቅዳሜያችሁ ቀንሳችሁ ልትሰሙኝ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስትገቡ ከበሩ በስተግራ የቆመችውን ሞተር ሳይክል ሁላችሁም አይታችኋታል። አንዳንዶቻችሁ ጎንበስ ብላችሁ ስትመረምሯት ከመስኮቱ አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። የዛሬው ንግግሬ ስለ እሷ ብቻ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላስታውቅ። በአማርኛችን ሞተር ሳይክሉንም፣ በውስጡ እሳት የሚነድበትንም ክፍል "ሞተር" እንላለን። ዛሬ ግን ሁለቱን ካልለየኋቸው ነገሬ ሁሉ ይምታታል፤ ስለዚህ "ሞተር" ስል እሳት የሚነድበትን ብቻ ማለቴ እንደሆነ ያዙልኝ። ሁለተኛ፣ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሩ ላይ አንድ ወንድሜ "የስንት ዓመት ምርት ናት?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ በአንድ ቁጥር ልመልስለት ግን አልቻልኩም። ሻንሲዋ፣ ሁሉ ነገር የሚታሰርበት የብረት አጽሟ ማለቴ ነው፣ ኖርተን በተባለው የእንግሊዝ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ በ1961 የተሠራ ነው። ሞተሯ የሌላው የእንግሊዝ ፋብሪካ የትራያምፍ ነው፤ የ1959 ታይገር 110 ነው። ካምቢዮዋ የኖርተን፣ ማግኔቶዋ የሉካስ፣ ካርቡራቶሯ የአማል፣ የፍጥነት መለኪያዋ የስሚዝስ ነው። የነዳጅ ታንኩ በቅርብ ዓመታት በእጅ የተቀጠቀጠ አሉሚንየም ነው። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን ወፍራም የአሉሚንየም ላሜራዎች ደግሞ እኔ ራሴ በመጋዝና በሞረድ አውጥቻቸዋለሁ። ታዲያ ይህች ሞተር ሳይክል ምንድን ናት? ኖርተን ናት? ትራያምፍ ናት? ወይስ ስም የሌላት ቅጥቅጥ ናት?

ስም አላት። ከትራያምፍ መጀመሪያውን፣ ከኖርተን መጨረሻውን ወስደው "ትራይተን" ይሏታል። እኔም ዛሬ ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፤ ይህ መቀላቀል ከየት እንደመጣ፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ፣ በመጨረሻም የተቀላቀለን ነገር በምን ስም ልንጠራው እንደሚገባ። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ስድስት ዓመቴን የበላው እሱ ነውና ታግሣችሁ ስሙኝ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልግባ። አንድ ሰው ደህና ሞተር ሳይክል ገዝቶ ሞተሩን አውጥቶ ከሌላ ፋብሪካ ሻንሲ ላይ የሚጭነው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው በሻንሲው ታሪክ ውስጥ ነው። ኖርተን የሚሠራው እዚሁ በርሚንግሃም፣ አስተን ውስጥ ብሬስብሪጅ ጎዳና ላይ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኖርተን የውድድር ሞተሮች መልካም ቢሆኑም የተጫኑበት ሻንሲ በጎርባጣ መንገድ ላይ ይጎብጥና ይሰነጠቅ ነበር። የሰሜን አየርላንዱ ተወላጅ ሬክስ ማካንድለስ አዲስ ሻንሲ ይዞ መጣ። አሠራሩን በቃል ላስረዳችሁ፤ ከመሪው አንገት ሁለት የብረት ቱቦዎች ይነሡና ከታንኩ ሥር ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከካምቢዮው በስተኋላ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከሞተሩ በታች አልፈው ወደ ፊት ይመጡና እንደገና ወደ መሪው አንገት ይወጣሉ። ሞተሩ በሁለት ቀለበቶች መካከል ታቅፎ ይቀመጣል ማለት ነው። በ1950 በማን ደሴት ውድድር ኖርተን በዚህ ሻንሲ ጁኒየርና ሲኒየር በሚባሉት በሁለቱም የውድድር ክፍሎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ጠቀለለ፤ የሲኒየሩ አሸናፊ ጄፍ ዱክ ነበር። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው የኖርተን ተወዳዳሪ ሻንሲውን ሞክሮ እንደ ላባ ፍራሽ ይመቻል አለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እስከ ዛሬ "ፌዘርቤድ" ይባላል፤ የላባ ፍራሽ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ትራያምፍ አለላችሁ። ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ስፒድ ትዊን የተባለውን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። ቀላል፣ ጠባብና ፈጣን ነበር፤ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከጦርነቱ በኋላ ያን ዓይነት ሞተር ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። በኅዳር 1940 የኮቨንትሪው ፋብሪካ በቦምብ ወደመ፤ ትራያምፍም በ1942 በኮቨንትሪና በበርሚንግሃም መካከል በምትገኘው በሜሪደን እንደገና ተተከለ። ሞተሩ አድጎ የሲሊንደሮቹ ይዘት 649 ሲሲ (ኪዩቢክ ሴንቲሜትር) ሆነ፤ ኃይሉም ጨመረ። ሻንሲው ግን ከሞተሩ እኩል አላደገም፤ በፍጥነት ወደ መታጠፊያ ሲገባ ይዋኛል ይሉት ነበር።

አያችሁ? አንዱ ፋብሪካ ምርጥ ሻንሲ አለው፤ ሌላው ርካሽ፣ ብርቱና ለማሻሻል የሚመች ሞተር አለው። ያኔ ለነበረ ወጣት ነገሩ በግልጽ የሚታይ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ መንገዱን ከፈተ። በዚያን ዘመን ፎርሙላ ስሪ በሚባለው የመኪና ውድድር ትናንሾቹ መኪናዎች የሚሮጡት በ500 ሲሲ ሞተር ነበር፤ ከሁሉ የሚፈለገውም የኖርተን ማንክስ ሞተር ነበር። ኖርተን ሞተሩን ለብቻው ስለማይሸጥ ባለ መኪናዎቹ ሙሉውን ሞተር ሳይክል እየገዙ ሞተሩን ብቻ ያወጡ ነበር። ሻንሲው ከነጎማው ባዶውን ይቀራል። ባዶውን የቀረ የላባ ፍራሽ በርካሽ ሲሸጥ ወጣቶቹ ምን ያድርጉ?

ለንደን ውስጥ በሰሜናዊው የቀለበት መንገድ ላይ ኤስ ካፌ የሚባል ቤት አለ። በ1938 ተከፈተ፣ በጦርነቱ ፈረሰ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ፣ በ1969 ተዘጋ፣ በ2001 ደግሞ ዳግም ተከፈተ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሠራተኛ ልጆች በዚያ እየተሰበሰቡ በሰዓት 100 ማይል ለመድረስ ይሽቀዳደሙ ነበር። በ1959 ሲከፈት ኤም 1 አውራ ጎዳና የፍጥነት ገደብ አልነበረውም፤ የ70 ማይሉ ገደብ የመጣው በታኅሣሥ 1965 ነው። ትራይተን ያደገችው በእነዚያ ልጆች እጅ፣ በየጓሮው ነው። የጓሮ ሥራ ናት ብላችሁ ግን አትናቋት። በ1965 በባርሴሎናው የ24 ሰዓት ውድድር ዴቭ ዴገንስና ሬክስ ቡቸር ያሸነፉት በትራይተን ነው። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ፣ በሞንጁይክ ተራራ ዙሪያ፣ ከትላልቅ ፋብሪካዎች ጋር ተፎካክረው!

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልምጣ፤ በዚህ ግን ጥቂት ወደ ልጅነቴ እንድመለስ ፍቀዱልኝ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕቃ እያቀበልኩት እውል ነበር። ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ የሚሉትን ቃላት የተማርኩት ከሱ ነው፤ ጣልያኖች ትተዋቸው የሄዱ ቃላት መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዛሬም የእንግሊዝ ሞተር ስፈታ በልቤ የምቆጥረው በእነዚሁ ነው። አባቴ የሚፈታውን ዕቃ ሁሉ በናፍጣ ያጥብና በተዘረጋ ጆንያ ላይ በተፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፤ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። ኦሪጅናል ዕቃ ሲጠፋ ከሶማሌ ተራ ሌላ ይፈልጋል፤ ቶርኖ ቤት ወስዶም ያስተካክለዋል። ለባለ መኪናው ግን ሁለት ነገር ሳያደርግ አይለቀውም፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል፤ የገባው ዕቃ ከየት እንደመጣና ምን እንደተደረገበት ደግሞ በወረቀት ይጽፍለታል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሻንሲውን ያገኘሁት ባለቤታቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ጓሮ ነው። ሣር ወጥቶበት፣ ሸራ ተጥሎበት ነበር። የፋብሪካው ቁጥር ግን በግልጽ ይነበባል፤ ከመዝገብ ወረቀቱም ጋር ይስማማል። ሻንሲ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ቁጥሩን ይሁን፤ ዝገቱን በኋላ ታዩታላችሁ። ዝገት ይጠረጋል፤ የተፋቀ ቁጥር ግን አይመለስም።

ሞተሩ በሦስት ካርቶን ተከፋፍሎ ነው የመጣልኝ። ስፈታው ያየሁትን ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን የትራያምፍ ሞተር እንደ ዛሬው መኪና የወረቀት ዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ወንፊቱን ያለፈው ቆሻሻ የት ይሄዳል? ኢንጂነሮቹ የፒስተኖቹን ውጣ ውረድ ወደ ሽክርክሪት በሚለውጠው በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ፣ ፒስተኖቹን ከሱ ጋር የሚያያይዙት ቢየላዎች በሚታሰሩበት ቦታ፣ ባዶ ቱቦ አኑረዋል። ክራንክ ሻፍቱ በሽክርክሪት ኃይል ከዘይቱ የከበደውን ቆሻሻ ወደ ቱቦው ግድግዳ ይገፋዋል፤ ንጹሑ ዘይት ወደ ቢየላው ይሄዳል። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን ቱቦው ከሞላ ዘይቱ ይታገዳል፤ ቢየላው ይደርቃል፤ ሞተሩም ይሞታል። ቱቦውን ለማጽዳት ሞተሩን እስከ መጨረሻው መፍታት ያስፈልጋል፤ ክዳኑም እንዳይላላ በፋብሪካ ተቀጥቅጦ የተቆለፈ ስለሆነ ቅጥቅጡን መሰርሰር ግድ ይላል። እኔ ስከፍተው እንደ ደረቀ ጭቃ የጠጠረ ጥቁር ነገር ሞልቶት አገኘሁ። ሻጩ "ታድሷል" ብሎኝ ነበር። ውጩ በእርግጥ ያብረቀርቅ ነበር።

ከዚያ መግጠም መጣ። መጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በኮምፔንሳቶ፣ በመጨረሻ በአሉሚንየም ላሜራዎቹን ቆረጥሁ። ሞተሩ የት ይቀመጥ? ዝቅ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ መቀመጥ አለበት፤ የፊቱ ጎማ በቂ ክብደት ካላገኘ የላባ ፍራሹ ጥቅም ይቀራል። ይህን አንብቤ ስለነበር ተጠንቅቄያለሁ። የሳትኩት ሌላውን ነው።

ሞተሩ ላይ ያለው የሰንሰለት ጥርስና ፍሪሲዮኑ ላይ ያለው ጥርስ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። የካምቢዮው ጥርስና የኋላው ጎማ ጥርስም እንዲሁ። አንድ ፋብሪካ ሁሉንም ሲሠራ ይህ በሥዕሉ ላይ ተወስኗል። የትራያምፍ ሞተርና የኖርተን ካምቢዮ ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ የሚያስተዋውቃቸው የእናንተ መለኪያ ብቻ ነው። እኔ በዓይኔ አየሁና "ቀጥ ብሏል" አልኩ። ከ400 ማይል በኋላ ክዳኑን ስከፍት የጥርሶቹ አንድ ጎን ተላጭቷል፤ ከሥር የብረት ብናኝ ተኝቷል። በቀጥተኛ ብረት ስለካው ልዩነቱ 3 ሚሊሜትር ነበር። ሦስት ሚሊሜትር! ሞተሩ ወረደ፣ ላሜራው እንደገና ተቆረጠ፣ ቶርኖ ቤት ሄጄ ማካካሻ ቀለበት አስወጣሁ፤ ክረምቱም በዚሁ አለቀ።

የብሎን ጥርስ ነገር ደግሞ አለ። ወጣቶች፣ በተለይ ለእናንተ ነው። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች የዚያን ጊዜ ብሎን እንደ ዛሬው በሚሊሜትር አይደለም። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ያቀረበው ጥርስ አለ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው። የብስክሌት ጥርስ የሚባል ሌላ አለ፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ አለው። ከጦርነቱ በኋላ ከአሜሪካና ከካናዳ ጋር በጋራ የጸደቀ ሦስተኛ አለ፤ የኢንች ሦስት ስምንተኛ ውፍረት ባለው በዚያ ረቂቅ ጥርስ ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ይቆጠራል። በ24ና በ26 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን አይታይም። ዳዶው ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፤ ከዚያ ይከብዳል። "ዝገት ይሆናል" ብላችሁ በቁልፍ ትጫኑታላችሁ፤ ይዞራል፤ የሚዞረው ግን ጥርሱን እየበላ ነው። እኔ ከሞተሩ መያዣ ብሎኖች አንዱን ያበላሸሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከኔ በፊት የነበረ ባለቤት የቀላቀለውን ዳዶ ሳልመረምር ነበር ያነሣሁት። ቁልፎቹም ያሳስታሉ። የዊትወርዝ ቁልፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ውፍረት እንጂ የቁልፉን አፍ ስፋት አያመለክትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥርስ መለኪያ ሳልይዝ አንድም ዳዶ አላሰርኩም። ይህ በሁለት ፋብሪካ ዕቃ ለሚሠራ ሰው የምግባር ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የተቀላቀለ ማሽን የሚበላሸው በመቀላቀሉ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ግን ሲበላሽ ያየሁት ሁሉ ሳይለካ የተገጠመ ነው።

ስለ ማግኔቶው አሳጥሬ ልናገር። ማግኔቶ ባትሪ የማይፈልግ፣ ለካንዴላ የሚሆነውን ብልጭታ ራሱ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። የኔው ሲቀዘቅዝ በአንድ ምት ይነሣል፤ ሩብ ሰዓት ከሄድኩ በኋላ መንገድ ላይ ይሞታል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ ደግሞ ይነሣል። ካርቡራቶሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብሁት። ጥፋቱ ግን ከማግኔቶው ውስጥ ነበር፤ በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ፣ አርጅቶ ሙቀት ሲነካው ይከዳ ነበር። ይህን የነገሩኝ በወጣትነታቸው በዚሁ ከተማ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ናቸው። በስልክ ሁኔታውን ስነግራቸው ሳያስጨርሱኝ "ሲሞቅ ነው አይደል?" አሉኝ። ማግኔቶው እንደገና ተጠመጠመ፤ ካፓሲተሩም ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልከዳኝም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ስም ነው።

በዚህ አገር የአሮጌ ሞተር ሳይክል ወዳጆች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ እንደወጣ ካልተስማማ ነገሩን ዋጋ የለሽ ያደርገዋል። ይህን ወገን አከብራለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደኔ ቢቀላቅል ኖሮ ተርነር የሠራው ሞተር ሳይክል ምን ይመስል እንደነበር ለልጆቻችን የሚያሳይ አንድም ባልቀረ ነበር። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ሙሉ የሆነ ትራያምፍ ወይም ሙሉ የሆነ ኖርተን ብታገኙ ለትራይተን ስትሉ አትበትኑት። እኔ የወሰድኩት ሞተር የጠፋበት ሻንሲና ሻንሲ የጠፋበት ሞተር ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን የተቀላቀለውን እንዳልተቀላቀለ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ነው። ሞተር በምፈልግበት ጊዜ አንድ ሻጭ የቦንቪል ሞተር ነው ብሎ አሳየኝ። ቦንቪል በ1959 የወጣ የትራያምፍ ታዋቂ ዓይነት ስለሆነ ዋጋው ከሌላው ይበልጣል። ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ በጣቴ ዳሰስሁት። ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ጎድጉዷል፤ አንድ ሰው የቀድሞውን ቁጥር በሞረድ ፍቆ አዲስ መትቶበታል። ዕቃው ምናልባት ደህና ነበር። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ስለ ራሱ የዋሸ ሞተር ውስጡ ስላለው ነገር ምን ብዬ ልመነው? ትቼው ወጣሁ።

ትራይተንን የምወዳት ስለዚህ ነው። ስሟ ራሱ ከሁለት ቦታ መምጣቷን ይናገራል፤ ማንም ሳይጠይቅ ይናገራል። በመዝገብ ወረቀቷ ላይም የኖርተኑ ሻንሲ ቁጥርና የትራያምፉ ሞተር ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ሞተር ሲለወጥ ማስታወቅ ግዴታ ስለሆነ አስታውቄያለሁ። ከዚያም አልፌ አባቴ በወረቀት ያደርገው የነበረውን በደብተር አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ በስንት እንደተገዛ፣ የትኛው ጥርስ እንዳለው፣ ምን እንደተደረገበት ተጽፏል። የተበላሸችው ብሎንም፣ የ3 ሚሊሜትሯም ስሕተት አሉበት። ከኔ በኋላ የሚፈታት ሰው ይኖራል፤ ዳዶውን በቁልፍ ከመጫኑ በፊት እንዲያነበው ነው።

ንግግሬን ጨርሻለሁ፤ አሁን ወደ ውጭ እንወጣለን። መጀመሪያ ካርቡራቶሩ ቤንዚን እስኪያልበው ድረስ በላዩ ያለችውን ትንሽ መጫኛ በጣቴ እጫናለሁ፤ ከዚያ በእግሬ አስነሣታለሁ። እናቶች፣ ትንንሾቹን ከማርሚታው በኩል አርቁልኝ፤ ወዲያው ይግላል። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ መሬቱ በእግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። ደብተሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይዛችሁት ውጡ። ከሞተር ሳይክሏ ጋር እያስተያያችሁ ያልተጻፈ ዕቃ ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ አለ።